የማምከኛው ክፍል፦ ከናዝሬት ድሬሰሮች እስከማይሸተው ጋዝ

ሶደሬ የሚወርድ ሰው ሙቀት ያድናል ብሎ ነው የሚወርደው። ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው፣ ቁርጥማት እንቅልፍ የነሳው ሁሉ ከአዋሽ ዳር በሚፈልቀው ፍል ውሃ ይዘፈዘፋል። ልጆች በመዋኛው ገንዳ ይንቦጫረቃሉ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ የምሳ ዕቃ እስኪከፈት ዛፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዳማ ግን ሙቀት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ሥራም ነበረው። እዚያ የሚቀቀለው መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ የመርፌ ቀፎና የቁስል ፋሻ ነበር።

በዚያ ዓመት ከአሜሪካ የመጡ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው ከተማ አንድ የጥጥ መዳመጫ ተረክበው ሆስፒታል አደረጉት። ስሙንም በጣሊያን ወረራ ዘመን በሸዋ ሲዋጋ በ1930 ዓ.ም. በወደቀው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ሰየሙት። ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሚባለው ተቋም መነሻው ይኸው ነው። የእርሻ ጥጥ ይዳመጥበት የነበረው ቤት የቁስል ጥጥ የሚመክንበት ቤት ሆነ።

ሚሲዮናውያኑ ከሕክምናው ጎን ድሬሰሮችን ያሠለጥኑ ነበር። ድሬሰሩ ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ይጠቀልላል፣ መርፌ ይወጋል፤ ሐኪም በሌለበት ደግሞ ራሱ ሐኪም ይሆናል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ጤና መኮንኖችንና የኮሙኒቲ ነርሶችን ማውጣት እስኪጀምር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በገጠሩ ኢትዮጵያ የሕክምናው ሸክም ያረፈው በድሬሰሩ ላይ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚተረከው ስላከሟቸው በሽተኞች ነው። ማለዳ ተነስተው ምድጃ ስለማቀጣጠላቸው የሚያወራ ብዙም የለም። የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ግን እዚያ ነበር።

የዚያ ዘመን አነስተኛ ሆስፒታል ማምከኛ ክፍል ውስጥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው። የላምባ ምድጃው ይንፎለፎላል፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ያፏጫል። የቁስል መሸፈኛው ስስ ጨርቅ በእጅ እየታጠፈ፣ ፋሻው እየተጠቀለለ ክብ ቆርቆሮ ድራም ውስጥ ይደረደራል። ድራሙ በጎኑ ዙሪያ ቀዳዳዎች አሉት፤ እንፋሎት እንዲገባ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው አውቶክሌቩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ቀበቶው ተሽከርክሮ ይዘጋቸዋል። ሙቀቱ 121 ዲግሪ ደርሶ እዚያው መቆየት አለበት። መክደኛው ግፊቱ ሳይወርድ ከተነካ እጅ ይልጣል፤ ፊት ያቃጥላል። ስለዚህ አዲስ ተለማማጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የግፊቱን መለኪያ ማንበብ ነው። ሻርል ሻምበርላን የተባለው የሳይንቲስቱ የሉዊ ፓስተር ባልደረባ በ1879 እ.ኤ.አ. የፈጠረው መሣሪያ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። አደጋውም እንደዚያው ነው፤ የሚታይ፣ የሚሰማ፣ ያቃጠለውንም ወዲያው የሚያስጮህ።

አውቶክሌቩ ያልደረሰበት ክሊኒክ ድስት ነበረው። የመስታወት መርፌ ከነቀፎው ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወጋል፣ ታጥቦ እንደገና ይቀቀላል። እዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የራሱ ችግር አለበት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች። ይህ ሙቀት ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ዛጎል የለበሱትን የባክቴሪያ ዘሮች ግን አይነካቸውም። ድስቱ የሚንተከተክ ውሃ ሲያሳይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ሰው መርፌ ይወዳል፤ ኪኒን ተሰጥቶት የሄደ በሽተኛ እንዳልታከመ ይቆጥረው ነበር። የተቀቀለው መርፌም ከክሊኒክ አልፎ በየሰፈሩ መርፌ ወጊ እጅ ገባ።

ይህን ሁሉ የለወጠው ኤድስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በ1978 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ሲታወቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መስመር ላይ ያሉ ከተሞች ከሁሉ ቀድመው ደነገጡ። ናዝሬት የከባድ መኪና ሾፌር የሚያድርባት ከተማ ነበረች። በሌላ ሰው ላይ የዋለ መርፌ ስሙ ሲነሳ ሰው ፊቱን ማዞር ጀመረ፤ በሽተኛው ከፋርማሲ የራሱን ባለ አንድ ጊዜ መርፌ ገዝቶ በኪሱ ይዞ ወደ ሐኪም ይሄድ ጀመር። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በአንድነት ባወጡት መግለጫ፣ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክትባት ሁሉ ከአንድ ጊዜ በላይ በማይሠራ መርፌ ብቻ እንዲሰጥ ጠየቁ። ድስቱ ከምድጃው ወረደ። የመስታወቱ መርፌም ከጥቂት የአሮጌ ዕቃ ሳጥኖች በስተቀር ጠፋ።

መርፌውን ማምከን ግን አልቀረም፤ ከድሬሰሩ ምድጃ ወጥቶ ባሕር ማዶ ወዳለ ፋብሪካ ሄደ። ዛሬ አዳማ ውስጥ መርፌ፣ ካቴተር ወይም የግሉኮስ መስመር የገዛ ሰው ማሸጊያውን ከመቅደዱ በፊት ጥጉን ቢያየው፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሁለት የላቲን ፊደላት ያገኛል፤ ኢ እና ኦ። ዕቃው ኤቲሊን ኦክሳይድ በሚባል ጋዝ እንደመከነ የሚያሳውቅ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው። ብዙው ፕላስቲክ የአውቶክሌቭ ሙቀት ሲነካው ይጣመማል፣ ይቀልጣል። ጋዙ ግን ገና ለብ ባለ ሙቀት ካርቶኑን፣ ወረቀቱንና ፕላስቲኩን ሰርጎ ውስጡ ያለውን ይደርሳል።

ጋዙ ከሆስፒታል በፊት ረጅም ዕድሜ አለው። አዶልፍ ቩርትስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእህል ነቀዝ መዋል ጀመረ። በ1930ዎቹ ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ለግሪፊዝ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ኬሚስት ሎይድ ሆል ቅመማ ቅመምን ከሻጋታና ከባክቴሪያ ለማጽዳት ተጠቀመበት። በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ሙቀት ሲበዛበት ጣዕሙ እንደሚሞት የኢትዮጵያ ባልትና ያውቀዋል፤ ሆልም መላ የፈለገው ለዚሁ ችግር ነበር። (የአውሮፓ ኅብረት ይህን ጋዝ ለምግብ መጠቀምን ከከለከለ ቆይቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከህንድ በገባ ሰሊጥ ላይ ቅሪቱ ሲገኝ በሰሊጥ ገበያው ላይ የተነሳውን ግርግር ሰሊጥ ላኪዎች ሁሉ ያስታውሱታል።) በ1949 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስና ኬይ የተባሉ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ጋዙ ጀርምን እንዴት እንደሚገድል የሚተነትን ተከታታይ ጥናት አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ልብን የሚያስኬደው መሣሪያ፣ የዓይን ሐኪሙ መነጽር፣ ቀጫጭኑ ቱቦ ሁሉ እንፋሎት የማይችል ስለሆነ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታሎች የጋዝ ሳጥን ከአውቶክሌቩ ጎን ቆመ።

ጋዙ ጀርም የሚገድለው የሕዋሱን የዘር ቅንብር በመለወጥ ነው። ይኸው ሥራው ነው የሰውንም ሕዋስ የሚያገኘው፤ ባክቴሪያውንና ነርሷን አይለይም።

የሥራውን ሂደት በቅርብ ያየ ሰው አደጋው የት እንደተሸሸገ ይገባዋል። ዕቃው ታሽጎ ጋሪ ላይ ይደረደራል፤ ጋሪው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ተስቦ ይወጣል፤ እርጥበትና ሙቀት ይስተካከላል፤ ጋዙ ይለቀቃል። ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ይቆያል። ሲያልቅ ጋዙ በፓምፕ ይሳባል፤ በድሮዎቹ መሣሪያዎች ፓምፑ ጋዙን ከውሃ ጋር ቀላቅሎ እዚያው ክፍል ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ መውረጃ ይልከው ነበር። ውሃው ይወርዳል፤ ጋዙ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ከዚያ በር ይከፈታል። ፕላስቲክ ጋዙን ጠጥቶ ስለሚይዝ ዕቃው ወደ ሌላ ማናፈሻ ካቢኔ ተወስዶ በሞቃት አየር ከ8 እስከ 12 ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። ሠራተኛው ከሁሉ የበለጠ የሚተነፍሰው በሩ በተከፈተባትና ጋሪው ከሳጥኑ ወደ ማናፈሻው በሚሻገርባት በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም በ1989 እ.ኤ.አ. ለሆስፒታሎች ባወጣው ምክር ውስጥ ጋሪው ከመገፋት ይልቅ እንዲጎተት የሚል አለበት፤ የሚገፋ ሰው ከዕቃው የሚወጣውን ጋዝ በፊቱ እየተቀበለ ይሄዳልና። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ምክር የሚጻፈው አንድ ሰው ቆሞ ሌሎች ሲሠሩ በትዕግሥት ከተመለከተ በኋላ ነው።

አፍንጫ እዚህ ላይ አይረዳም። ጋዙ ቀለም የለውም፤ እንደ ኤተር ለስለስ ያለ ጣፋጭ ሽታ አለው ይባላል። ሽታው የሚታወቀው ግን ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ከ250 እጅ በላይ ሲሆን ነው። ዛሬ በአሜሪካ ለስምንት ሰዓት ሥራ የተፈቀደው አማካይ 1 እጅ ብቻ ነው። የሸተተው ሠራተኛ ከገደቡ 250 ጊዜ እጥፍ በላይ ተንፍሷል ማለት ነው። ያልሸተተውም ደህና መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከ1984 እ.ኤ.አ. በፊት ገደቡ 50 እጅ ነበር፤ ይኸም ማንም አፍንጫ ሳያውቀው የሚያልፍ መጠን ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያወጡት ስዊድናውያን ናቸው። በአንድ የስዊድን ፋብሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆስፒታል ዕቃ በዚህ ጋዝ ይመክን ነበር። ከ1972 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በፋብሪካው ሦስት ሠራተኞች በደም ካንሰር ታመሙ። ሦስት ሰው ሲታመም አንድ ሰፈር «ክፉ ዕድል» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪሙ ክሪስተር ሆግስቴትና ባልደረቦቹ ግን የፋብሪካውን የሠራተኞች ዝርዝር አወጡ፤ ለጋዙ የተጋለጡት 230 ነበሩ። ከዚያ ቁጥር የሚጠበቀው የበሽተኛ ብዛት 0.2 ነው፤ አንድ ሙሉ ሰው እንኳ አይሞላም። ጥናቱ በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ ሆስፒታሎችን አስደነገጠ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ከፊንላንድ የመጣው ወሬ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወረደ። ካሪ ሄሚንኪና ባልደረቦቹ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ዕቃ የሚያመክኑ ሴቶችን ስለ እርግዝናቸው ጠየቁ፤ የሰጡትንም መልስ በሆስፒታል መዝገብ አመሳከሩ። በእርግዝናቸው ጊዜ የማምከን ሥራ ላይ ከነበሩት መካከል ፅንስ የጨነገፈባቸው 16.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጋለጡት እርግዝናዎች ግን የጨነገፈው 5.6 በመቶ ነበር። የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ከዚያ በፊት ባይጻፍ አያስገርምም። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ሐዘኗን ይዛ ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ የክፍሏን የአየር ማስወጫ አትጠረጥርም፤ ጎረቤቷ የሆነችው ሌላዋ ሠራተኛም እንደዚሁ።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሄደ። ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሕዝብ መብት ተሟጋች ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. መንግሥትን አስቸኳይ ደንብ እንዲያወጣ ጠየቀ፤ እምቢ ሲባል ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ እንዲፋጠን አዘዘ። በ1984 እ.ኤ.አ. ገደቡ ከ50 ወደ 1 ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ጋዙን ሰውን ካንሰር በሚያሲዙት ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገባው። በኋላም ካይል ስቲንላንድና ባልደረቦቹ በ14 የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሠሩ ከ18,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ በተለይ ረጅም ጊዜ በተጋለጡ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳዩ።

ሦስቱን ጥናቶች የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፦ ሦስቱም ዝርዝር ነበራቸው። ማን፣ የት ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ። ጋዙ ፊርማውን የትም አያኖርም፤ የሚይዘው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው።

ከሶደሬና ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ ይህን የሚያረጋግጥ የራሱ ታሪክ ያለው ቦታ አለ፤ ወንጂ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የሸንኮራ እርሻውን አልምቶ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ በየካምፑ ሰፈረ። የሚጠጣው ከከርሰ ምድር የተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃው ጥሩ ነበር፤ የጠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ከአዋሽ ድፍርስ ጋር ሲነጻጸር ንጹሕ። ውስጡ ግን ከእሳተ ገሞራ አለት የሟሟ ፍሎራይድ ነበረበት፤ በአንዳንድ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ የራቀ። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ። ለዚህ ማንም ብዙ አልተጨነቀም፤ የስምጥ ሸለቆ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል ተብሎ ይቀለድበት ነበር እንጂ። ዓመታት ሲያልፉ ግን የፋብሪካው ሽማግሌ ሠራተኞች ጀርባቸው አልታጠፍ አለ፤ አንገታቸው ደረቀ፤ አንዳንዶቹም እግራቸው ከዳቸው። የአከርካሪ አጥንታቸው በፍሎራይድ ጠጥሮና ወፍሮ ነርቫቸውን እየጨቆነ ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆው ከተመረመሩት እዚያው ተወልደው ካደጉ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ እንዳለባቸው አሳዩ፤ የአጥንቱ በሽታ ደግሞ ውሃውን ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ በጠጡት ላይ ብቅ ማለት መጀመሩን። «ስንት ዓመት ጠጣ» ብሎ መጠየቅ የተቻለው ወንጂ የደመወዝ መዝገብ ያለው፣ ሠራተኛው በካምፕ የሚኖር፣ ጉድጓዱ የሚታወቅ ቦታ ስለነበረ ነው። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ከልጅነቱ ከአንድ ጉድጓድ የጠጣ ገበሬም በሽታው አላመለጠውም፤ ግን ማንም ያን ያህል በዝርዝር አልቆጠረውም።

ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች የማምከኛው ክፍል ዋና መሣሪያ ዛሬም የእንፋሎት አውቶክሌቭና ደረቅ ምድጃ ነው። ሠራተኛው ክፍሉን «ሲ.ኤስ.አር.» ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አጠገብ ያለ፣ ጎብኚ የማይደርስበት፣ ሙቀቱ የማይቻል ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ኤቲሊን ኦክሳይድ የለም ማለት ግን የሚተነፈስ ነገር የለም ማለት አይደለም። እንፋሎት የማይችሉት ቱቦና ሌንስ ያላቸው መሣሪያዎች «ሳይዴክስ» በሚባለው የግሉታራልዴሃይድ ውህድ ውስጥ ይነከራሉ። ተንኖ የሚነሳው ጠረን ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ለብዙ ጊዜ የተጋለጠውን ደግሞ አስም ያሲዘዋል። በእንግሊዝ አምራቹ ራሱ በ2002 እ.ኤ.አ. ከገበያ አውጥቶታል። ለናሙና ማቆያና በብዙ አገሮች ለክፍል ማጨሻ የሚያገለግለው ፎርማሊንም የሚያወጣው ጋዝ በ2004 እ.ኤ.አ. ከኤቲሊን ኦክሳይድ ጋር በአንድ የካንሰር ምድብ ተሰልፏል።

ከሁሉ የሚበዛው ግን በረኪና ነው። በኢትዮጵያ የበሽታ መከላከል መመሪያ መሠረት ከቀዶ ሕክምና የወጣ ደም የነካው መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት 0.5 በመቶ ክሎሪን ባለው ውሃ ለ10 ደቂቃ ይነከር ነበር። አንድ ትውልድ ነርስና የጽዳት ሠራተኛ ይህን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። ዓላማው መሣሪያውን የሚያጥበውን ሰው ከኤች.አይ.ቪ. እና ከጉበት ቫይረስ መጠበቅ ነበር፤ በጊዜው ምክንያታዊ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ይህ ልማድ እንዲቀር መከረ፤ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላል፣ የደረቀውን ደም አያጸዳም፣ ሠራተኛውንም ለእንፋሎቱ ያጋልጣል በሚል። ለመጠበቅ የተጀመረ ልማድ ራሱ መጠበቂያ ያስፈለገው ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ በረኪናው ከሆስፒታል ወጥቶ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በር ተረጨ። ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ እንደሆነ፣ ባልዲ ይዛ ለምትወለውለው ሴት የነገራት ካለ ብርቅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? እዚህ ላይ የሶደሬው መንገድ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዳማ ወደ ሶደሬ ሲወርዱ አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለ። የከተሞችን የመጠጥ ውሃ የሚያጠራው ዱቄት ከዚያ ይወጣል፤ አሲዱን ለመሥራት የሚቃጠለው ድኝም የሚያፍን ጋዝ ይወልዳል። የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ያውቃል፤ ፋብሪካ ገብቶ የሚያይ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ያቆማል። አገሪቱም የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት፣ ቁጥር 155ን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ከዚያው መንገድ ጫፍ፣ አዳማ ላይ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ማምከኛ ክፍል የምትሠራው ሴት ግን የመንግሥት ሠራተኛ ናት። አዋጁ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከራሱ ወሰን አውጥቶ ለሌላ ሕግ ትቷቸዋል። ያም ሕግ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ይክሳል፤ እጇን እንፋሎት ቢልጣት ቀኑና ሰዓቱ ስለሚታወቅ ክርክሩ ቀላል ነው። ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጣ አስም ወይም ካንሰር ግን ቀንም ሰዓትም የለውም።

በ2007 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር «ካሽ» የሚባለውን ንጹሕና ምቹ የጤና ተቋም ንቅናቄ ሲያስጀምር ማምከኛ ክፍሎቹም ከዓይን ገቡ፤ ቀለም ተቀቡ፣ መስመር ተሰመረላቸው፣ ቆሻሻ የሚገባበትና ንጹሕ የሚወጣበት በር ተለየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቆሸሸ መቀስ ንጹሑን መቀስ ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። በክፍሉ መዝገብ ላይም የመሣሪያው ዓይነት፣ የገባበት ሰዓት፣ ሙቀቱና ግፊቱ ይሰፍራል፤ መሣሪያው በስንተኛው ዙር እንደመከነ ወደ ኋላ ተመልሶ ማወቅ ይቻላል።

በዚያው ዓመት መንግሥት መድኃኒት በአገር ውስጥ እንዲመረት የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ኬላ የሚያልፈው መርፌና ካቴተር አንድ ቀን እዚሁ ከተሠራ፣ ሁለቱ የላቲን ፊደላት ከማሸጊያው ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ጋዙም ከፊደላቱ ጋር። ያኔ የማምከኛው ሳጥን የሚቆምበት ከተማ ከቺካጎ አጠገብ ያለችው ዊሎውብሩክ የጠየቀችውን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ በዚያች ከተማ ነዋሪዎች ስለሚተነፍሱት አየር ጮኸው በ2019 እ.ኤ.አ. የማምከኛው ፋብሪካ ተዘግቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 90 በሚጠጉ የንግድ ማምከኛዎች ላይ ልቀቱን ከ90 በመቶ በላይ የሚቀንስ ደንብ አውጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ጋዙን ጨርሶ መከልከል አልቻለም፤ በአገሪቱ ከሚመክነው የሕክምና ዕቃ ግማሹ ያህል አሁንም በዚሁ ነውና።

የሠራተኞቹን ጉዳይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው ሌላው የአሜሪካ ደንብ አሠሪው የአየር ልኬቱን ውጤት 30 ዓመት፣ የሠራተኛውን የጤና መዝገብ ደግሞ ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ሌላ 30 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። በአዳማም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ፣ በሳይዴክስ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ዕድሜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ ፋይሏ ውስጥ የሚገኘው የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የዓመት ፈቃድና የመልቀቂያ ወረቀት ነው። ስንት ዓመት በየትኛው ክፍል፣ በምን ኬሚካል ላይ እንደሠራች የሚጻፍበት ቅጽ ለማዘጋጀት አዲስ ማሽን አያስፈልግም።